የቦንሳይ ደን ለጀማሪ፦ የቱን ዛፍ፣ ስንት ግንድ፣ በምን ላይ?

ቦንሳይ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው አንዲት ጎበጥ ያለች ዛፍ ትንሽ ገበታ ላይ ቆማ ነው። ደን የሚባለው ዓይነት ግን ለየት ይላል፤ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ ወይም ከዚያ በላይ ቀጫጭን ዛፎች ጥልቀት የሌለው ትሪ ላይ አንድ ላይ ይተከሉና ራቅ ብላችሁ ስታዩት ጫካ ይመስላል፣ ጃፓኖቹ ዮሴ ኡዌ ይሉታል። ብዙ ሰው «እሱ ለጎበዞች ነው፣ እኔ መጀመሪያ በአንድ ዛፍ ልለማመድ» ይላል። እኔ በተቃራኒው ነው የማስበው። አንድ ዛፍ ብቻውን አምሮ እንዲታይ ግንዱ ወፍራም፣ ሥሩ በዙሪያው የተዘረጋ፣ ወደ ላይ ሲሄድ እየቀጠነ የሚሄድ መሆን አለበት፣ ይሄ ደግሞ ወይ ብዙ ዓመት ወይ ብዙ ብር ይፈልጋል። ለደን የሚፈለገው ግን ማንም የማይገዛው ቀጭን፣ አንድ ጎኑ ራቁቱን የሆነ፣ ትንሽ የተንጋደደ ችግኝ ነው፣ ብቻውን ቢቆም ምንም የማይመስለው ዛፍ ከሌሎቹ ጋ ሲሆን ቦታ ያገኛል። በአንድ ቀን ሥራ የሆነ ነገር የሚመስል ቦንሳይ የሚገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም።

ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ሰው ፒንተረስት ላይ ያየውን ፎቶ ይዞ ይነሳና ዛፉን ይገዛል፣ ከዚያ በኋላ ነው የት እንደሚያስቀምጠው የሚያስበው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ ትሪው ዓመቱን ሙሉ የት እንደሚቀመጥ ወስኑ፣ የዛፉ ዓይነት ከዚያ ይመጣል፣ ቁጥሩም ትሪውም አፈሩም ከዛፉ በኋላ።

መጀመሪያ ቦታው

ሦስት ዓይነት ሰው ነው ይሄን የሚያነበው ብዬ ልገምት። አንደኛው ውጭ አገር ሆኖ ጓሮ ወይም ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ክረምቱ በረዶ የሆነበት፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቶሮንቶ፣ ሚኒሶታ፣ ስቶክሆልም፣ ፍራንክፈርት ምናምን። ሁለተኛው አፓርትመንት ውስጥ ሆኖ መስኮት ብቻ ያለው። ሦስተኛው አገር ቤት ያለው።

ለመጀመሪያው ሰው የምለው፣ ውጭ የሚኖር ዛፍ ውጭ ይኑር። ሜፕል፣ ላርች፣ ጁኒፐር (የእኛ ጽድ ወገን)፣ እነዚህ ሁሉ ቀዝቃዛ ወቅት አግኝተው ማረፍ አለባቸው፣ ሳሎን ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ካስቀመጣችኋቸው ዕረፍታቸውን ያጡና ይዳከማሉ፣ በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሄዳሉ። መንገድ ዳርና የገበያ አዳራሽ ውስጥ የሚሸጠውን ጠጠሩ በሙጫ የተጣበቀ ትንሽዬ ጁኒፐር ታውቁታላችሁ አይደል? ሻጩ «ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠው» ብሎ ነው የሚሰጣችሁ፣ እውነቱን ለመናገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚሞተው። የሚገርመው ጁኒፐር ከሞተ በኋላ እንኳ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ስለዚህ ሰውየው የሞተ ዛፍ ውሃ እያጠጣ «ምንም አልሆነም» ይላል።

ለመስኮት ሰው ምርጫው ጠባብ ነው፣ ግን አለ፤ ፊከስና ፖርቹላካሪያ። አገር ቤት ላለው ደግሞ የአዲስ አበባ አየር ለእነዚህ ነገሮች የተመቸ ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ፣ የማያቃጥል ቀን፣ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት፣ ግን ደህና ቅዝቃዜ ያለው የዕረፍት ወቅት የለም፣ ስለዚህ ላርችና ጃፓኒዝ ሜፕል እያሉ ኦንላይን መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ደጃችሁ ላይ የተሻለ አለላችሁ፣ እመጣበታለሁ።

ውጭ ለሚኖር ደን፦ ትራይደንት ሜፕል፣ ቻይኒዝ ኤልም፣ ላርች፣ ጁኒፐር

እኔን «አንድ ብቻ ምረጥ» ብትሉኝ ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ሰው ትራይደንት ሜፕል እላለሁ። ቅጠሉ ሦስት ጣት ያለው ትንሽ ቅጠል ነው፣ በመኸር ቢጫና ቀይ ይሆናል፣ ሥሩን ብትቆርጡት ቶሎ ሌላ ያወጣል፣ ግንዱ ላይ ያለ ቁስል ቶሎ ይደፈናል፣ ከቆረጣችሁት ቦታ በታች ቡቃያ ይሰጣል። ደን ስትሠሩ ደግሞ ዛፎቹን ተጠጋግተው እንዲቆሙ የሥራቸውን ግማሽ የምትቆርጡበት ጊዜ አለ፣ ያንን የሚችል ዛፍ ነው የሚያስፈልጋችሁ። አንድ ድክመት አለው፤ ሥሩ ውሃ የቋጠረ ሥጋማ ነገር ስለሆነ ትሪ ላይ ሆኖ ኃይለኛ በረዶ ከመታው ይበላሻል። ዲሲ ላይ ሳሩ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በቅጠልና በእንጨት ፍቅፋቂ መሸፈን ወይም ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ውስጥ ማስገባት ይበቃዋል። ሚኒሶታ ያለ ሰው ግን ጋራዥ ከሌለው ይሄን ዛፍ ይተወው።

ቻይኒዝ ኤልም ከትራይደንት ብዙ አያንስም፣ በአንዳንድ ነገር ይበልጣል። ቅጠሉ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ዓመት የዛፍና የቅጠል ምጣኔው ይመጣል። ቶሎ ያድጋል፣ ስህተት ይቅር ይላል፣ ከቆረጣችሁት ሥር እንኳ ቁራጩን ብትተክሉት ይበቅላል። ውጭም ይኖራል፣ ቀዝቀዝ ያለ ደህና ብርሃን ያለው ክፍል ውስጥም ይከርማል። ታዲያ ለምን አላስቀደምከውም ካላችሁኝ፣ ዕድገቱ ራሱ ነው ችግሩ፣ በበጋ ወራት በየሳምንቱ መቀስ ይዛችሁ ካልቆማችሁ ደኑ ቁጥቋጦ ይሆንባችኋል። መቀስ መያዝ የሚወድ ሰው ኤልም ይውሰድ፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው ትራይደንት።

ጃፓኒዝ ሜፕልን ሁሉም ሰው ይፈልገዋል ምክንያቱም ፎቶው ያምራል። ግን የዲሲ ሐምሌ ፀሐይ የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥለዋል፣ የተቆረጠ ቅርንጫፉም አንዳንዴ ወደ ኋላ እየደረቀ ይሄዳል። ሁለተኛ ደናችሁ ይሁን።

ላርች የሰሜን ሰው ዛፍ ነው። መርፌ ቅጠል ኖሮት በመኸር ወርቃማ ሆኖ ቅጠሉን የሚያረግፍ፣ ግንዱ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ገና በልጅነቱ ያረጀ የሚመስል፣ ለደን የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ቶሮንቶ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ስቶክሆልም፣ ኦስሎ ያላችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ሌሊቱ ሞቃት የሆነበት ከተማ ላይ ግን እየተዳከመ ይሄዳል፣ አትላንታ ወይም ሂውስተን ላይ ላርች መግዛት ለዛፉም ለእናንተም ጥሩ አይደለም።

ጁኒፐር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጀማሪ በብዛት የሚገዛው እሱን ነው፣ በየችግኝ መሸጫው ርካሽ ነው፣ ደግሞም በዓለም በጣም የታወቀው የቦንሳይ ደን ጁኒፐር ነው። ጎሺን ይባላል፣ 11 ዛፍ ነው፣ የሠራው ጆን ናካ የሚባል ጃፓናዊ አሜሪካዊ ነው፣ አሁን ዋሽንግተን ዲሲ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፍ መናፈሻ) ውስጥ ባለው የቦንሳይና የፔንጂንግ (የቻይናው ቦንሳይ) ሙዚየም ቆሟል። መግቢያው በነፃ ነው፣ ሙዚየሙ የተጀመረው ጃፓን በ1976 ለአሜሪካ 53 ቦንሳይ በስጦታ ስትልክ ነው። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ሰዎች አንድ ቅዳሜ ሂዱና እዩት፣ ከአሥር የዩቲዩብ ቪዲዮ ይበልጣል። ግን ያንን አይቶ «እኔም በጁኒፐር» ከማለት በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር ናካ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዛፎች በ1948 ነው መሥራት የጀመረው፣ ከሌሎች ጋ ተሰብስበው ደን የሆኑት በ1964 ነው፣ ቁጥሩ 11 የደረሰው የልጅ ልጆቹ ሲጨመሩ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዛፍ እያለ ነው። ማለትም ጎሺን ውስጥ ያሉት ዛፎች ደን ከመሆናቸው በፊት ለብቻቸው የተሠሩ፣ የጠነከሩ ዛፎች ነበሩ።

ጀማሪ ግን ጁኒፐሩን ከገዛ በሳምንቱ አፈሩን አራግፎ፣ ሥሩን ቆርጦ፣ ቅጠሉንም ቆርጦ ነው የሚተክለው። ጁኒፐር ኃይሉን የሚይዘው ቅጠሉ ውስጥ ነው፣ ሥርና ቅጠል በአንድ ቀን ከተቆረጠበት ይሞታል። ሌላም አለ፤ ደን ውስጥ መሃል ያሉት ቅርንጫፎች ጥላ ይሆንባቸዋል፣ ጥላ ውስጥ ያለ የጁኒፐር ቅርንጫፍ ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ከራቁት እንጨት ላይ እንደገና ቡቃያ አያወጣም። ሜፕልና ኤልም ግን ያወጣሉ። ለዚህ ነው ለመጀመሪያ ደን ጁኒፐር አትግዙ የምለው፣ ዛፉን ጠልቼ አይደለም።

መስኮት ላይ፦ ፊከስ ወይስ ፖርቹላካሪያ

ይሄኛው አጭር ነው። ፖርቹላካሪያ ከደቡብ አፍሪካ የመጣች፣ ትናንሽ ክብ ወፍራም ቅጠል ያላት፣ ውሃ የምትቋጥር ተክል ናት፣ ድዋርፍ ጄድ እያሉ ይሸጧታል። ማጠጣት ለሚረሳ ሰው የምትመች ናት፣ ብዙ ውሃ ግን ሥሯን ያበሰብሰዋል። አንድ እናት ተክል ገዝታችሁ ቅርንጫፎቿን ቆርጣችሁ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ ለጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ ብትተክሉ እያንዳንዱ ቁራጭ ዛፍ ይሆናል፣ ስለዚህ በአንድ ተክል ዋጋ ሙሉ ደን። የምትፈልገው ግን ፀሐይ ነው፣ በደንብ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ከሌላችሁ ትመነምናለች።

ፊከስ ትንሽ ጨለም ያለ ቦታም ይችላል። ግን የቱ ፊከስ? ቤንጃሚና የሚባለው በየቢሮው ያለው ቅጠሉ የሚያብረቀርቀው ቦታ ስትቀይሩበት ቅጠሉን ያረግፋል፣ ቅርንጫፉን ቅጠል ሳታስቀሩ ከቆረጣችሁት ደግሞ ዝም ብሎ ይደርቃል። ማይክሮካርፓ የሚባለው የተሻለ ነው፣ የትም ቁረጡት ያቆጠቁጣል። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት ላላችሁ በረንዳ ላይ ይሄኛው ነው የሚያዋጣው፣ ከሰዓት በኋላ ካለው ፀሐይ ብቻ ከልሉት። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ወይራ አለላችሁ፣ ከታች የምለው ለእናንተም ይሠራል።

ሴሪሳና ፉኪየን ቲ የሚባሉ በአበባቸው የሚያታልሉ ትናንሽ ዛፎች አሉ። አንድ ቀን ውሃ ሲያንሳቸው፣ ቦታ ሲቀየርባቸው፣ ነፋስ ሲነካቸው ያኮርፋሉ። ሰባት ያኮረፈ ዛፍ በአንድ ትሪ አልመኝላችሁም።

አገር ቤት፦ ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ

አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ላላችሁ ምርጫዬ ያለ ጥርጥር ወይራ ነው። ደቡብ አፍሪካ ያሉ የቦንሳይ ሰዎች ይሄንኑ የዱር ወይራ አብልጠው ከሚወዷቸው ዛፎች አንዱ አድርገውታል፣ እኛ ግን ለጠላ ጋን ማጠኛ ብቻ ነው የምናውቀው። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ከአሮጌ ግንድ ላይ እንኳ ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉ በመከርከም እያነሰ ይሄዳል፣ ውሃ ቢዘገይበት ይታገሣል። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ያ ነው ጉዳቱ፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ውፍረታቸው የተለያየ ችግኞች ፈልጉ።

ጽድ ለደን ቅርጽ ቆንጆ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ግን እሱም ጁኒፐር ነውና ከላይ ያልኩት ሁሉ ይመለከተዋል፣ ልጅ ሳለ ደግሞ ቅጠሉ እጅ ይወጋል። መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ከላስቲኩ አውጥታችሁ አፈሩን ሳታራግፉ፣ ከታች ብቻ ትንሽ ቆርጣችሁ ትከሉ፣ ቅጠሉን ለዚያ ዓመት አትንኩት። ዝግባ ጥላ ይችላል፣ መሃል ያለው ዛፍ አይደርቅም፣ ቅጠሉ ግን ረዘም ስለሚል ደኑን ከፍ ባለ መጠን ካልሠራችሁት ምጣኔው አይመጣም። አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ላላችሁ ፊከስ ከሁሉም ይቀላል፣ ሙቀቱን ይወደዋል።

ችግኞቹ በየችግኝ ጣቢያው በላስቲክ ይሸጣሉ። ከቤተክርስቲያን ደን ወይም ከተራራ አትንቀሉ፣ አያስፈልግም። ስትመርጡ የላስቲኩን ታች እዩት፣ ብዙ ጊዜ ዋናው ሥር እዚያ ደርሶ ተጠምዝዞ ይገኛል፣ የተጠመዘዘውን ቆርጣችሁ መጣል ነው። ከአገር ቤት ወይራ በሻንጣ አሜሪካ ላምጣ የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ተዉት፣ አፈር ማስገባት ክልክል ነው፣ ተክሉም የጤና ሰርተፍኬት ይጠየቃል፣ ኤርፖርት ላይ ነው የሚቀረው።

ችግኝ ልግዛ፣ ቁራጭ ልትከል፣ ወይስ ራፍት?

ችግኝ መግዛት ፈጣኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሁለት የሦስት ዓመት የትራይደንት ወይም የኤልም ችግኝ አንዱ ከ5 እስከ 15 ዶላር ቢሆን ነው፣ ከጓሮ አትክልት መሸጫ ከምትገዙት ትልቅ ማሰሮ ይሻላል ምክንያቱም የትልቁ የሥር ኳስ ጥልቀት በሌለው ትሪ አይገባም። ከዘር የበቀለ ችግኝ ግን እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው፣ አንዱ ቀድሞ ቅጠል ያወጣል፣ አንዱ በመኸር ቀይ ሲሆን ጎረቤቱ ገና አረንጓዴ ነው። አንዳንድ ሰው ይሄን ይወደዋል፣ እኔም አይከፋኝም፣ እንደ እውነተኛ ጫካ ነው። አንድ ዓይነት እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ከአንድ እናት ዛፍ የተቆረጡ ቁራጮችን ይፈልግ፣ ቅጠሉም ቀለሙም ጊዜውም አንድ ይሆናል፣ ግን ራሱ ከተከለ ተጨማሪ አንድ ሁለት ዓመት መጠበቅ አለበት።

ራፍት የሚባለው ሦስተኛው መንገድ ብልጥ ነው። አንድ ዛፍ ትወስዱና በአንድ ጎኑ ያሉትን ቅርንጫፎች ቆርጣችሁ ዛፉን አፈር ላይ ታጋድሙታላችሁ፣ ወደ ላይ የቀሩት ቅርንጫፎች እያደጉ ግንድ ይሆናሉ፣ የተጋደመው ግንድ አፈር በሚነካው በታች በኩል ልጣጩን በትንሽ በትንሹ ታነሱለትና እዚያ አዲስ ሥር ያወጣል። አንድ ጎኑ ራቁቱን የሆነ ማንም የማይፈልገው ኤልም ካገኛችሁ ለዚህ ነው የሚሆነው። ጥሩው ነገር ሁሉም ግንድ አንድ ዛፍ ስለሆነ አንዱ ብቻውን የመሞት ዕድሉ ያንሳል። መጥፎው ነገር ግንዶቹ በአንድ መስመር መሰለፋቸው ነው፣ ቅርንጫፎቹን በሽቦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ካላጠፋችኋቸው ከጎን ሲታይ አጥር ይሆናል። ሥር እስኪይዝ ሁለት ዓመት ገደማ ንክች አታድርጉት። ትዕግሥት ያለው ሰው ይሞክረው፣ ለመጀመሪያ ግን ለየብቻ ያሉ ችግኞች ይሻላሉ ምክንያቱም ካልተመቻችሁ አንሥቶ ቦታ መቀየር ይቻላል።

ስንት?

ሦስት ዛፍ ቀላል ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ ጉድለት ይታያል፣ የሚሸሸግበት የለም። ከ11 በላይ ደግሞ ገንዘቡም ይበዛል፣ ሥሮቹን ማስተካከሉም እጅ ያጥራል። ለጀማሪ ሰባት ነው የምለው፣ አምስትም ይሆናል። የዛፎቹ ቁጥር ጎዶሎ ይሁን የሚባለው ነገር ከአሥር በታች ለሆነ ደን ነው የሚሠራው፣ ዐይን አራትና ስድስትን ቶሎ ለሁለት ይከፍላቸዋል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ማንም አይቆጥርም። ሰባት ለመትከል ዘጠኝ ግዙ፣ ሁለቱን በማሰሮ አሳድጓቸው፣ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል። ደግሞ ዘጠኙም እኩል ቁመትና ውፍረት ካላቸው አትግዙ፣ አንድ ወፍራምና ረጅም፣ አንድ ሁለት መካከለኛ፣ የቀሩት ቀጫጭን መሆን አለባቸው።

በምን ላይ?

ከጃፓን ወይም ከቻይና የሚመጣ ሞላላ የሴራሚክ ትሪ ያምራል፣ ለትልቅ ደን የሚሆነው ዋጋው መቶ ዶላር በቀላሉ ያልፋል፣ ለመጀመሪያ ዓመት አያስፈልግም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መትከል ከሁሉም በላይ ተፈጥሮ ይመስላል፣ ግን ጠርዝ ስለሌለው ዙሪያውን ተጣባቂ ጭቃ ገንብቶ አፈሩን መያዝ ያስፈልጋል፣ ቶሎም ይደርቃል፣ ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ሰው ነሐሴ ላይ ይቸገራል። እኔ የምመክረው ራሳችሁ የምትሠሩት የእንጨት ሣጥን ነው፤ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ታቹ ላይ ብዙ ቀዳዳ። ያምራል አልልም፣ ግን ሥሩ በደንብ ይይዛል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደኑን እንዳለ አንሥታችሁ ወደ ቆንጆው ትሪ ታዛውሩታላችሁ።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ የተሻለ ዕድል አላችሁ፣ ሸክላ ሠሪ ጋ ሄዳችሁ ጠርዙ አራት ጣት ከፍ ያለ ምጣድ አሠሩ፣ ሳይተኮስ በፊት አምስት ስድስት ቀዳዳ ይበሳበት። በዝቅተኛ እሳት የተተኮሰ ሸክላ በረዶ ባለበት አገር ክረምት ላይ ይሰነጠቃል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ያ ችግር የለም።

አፈር

ጥልቀት የሌለው ዕቃ ቶሎ የሚደርቅ ይመስላል፣ ታችኛው ክፍሉ ግን ከረጅም ማሰሮ ይልቅ ውሃ ይይዛል፣ ውሃው ወደ ታች የሚስበው ቁመት ስለሌለው። ስለዚህ ተራ የአትክልት አፈር ትሪ ላይ ብትሞሉ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የሚፈለገው ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ነገር ነው። ውጭ አገር አካዳማ (ጠጠር የመሰለ የሸክላ አፈር)፣ ፑሚስና ላቫ (ሁለቱም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለባቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ቀላቅለው ይሸጣሉ፣ አካዳማው ከጃፓን ስለሚመጣ ነው የሚወደደው፣ ለኤልምና ለትራይደንት ግን ፑሚስና ላቫ ላይ ትንሽ የተፈጨ የፓይን ዛፍ ቅርፊት ብትጨምሩበት ይበቃል።

አገር ቤት ላቫ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ ካሉት ጉብታዎች የሚቆፈረው፣ ለመንገድና ለብሎኬት የሚሆነው ቀይ አሽ እሱው ነው። ብሎኬት ከሚሠሩ ሰዎች አንድ ማዳበሪያ ውሰዱ፣ በወንፊት ነፍታችሁ ዱቄቱን ጣሉ፣ እጠቡት፣ አንድ አራተኛ ያህል የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉበት።

የመትከያው ቀን

ዲሲ ላይ ቡቃያው ማበጥ ጀምሮ ቅጠሉ ሳይወጣ፣ መጋቢት አካባቢ። አገር ቤት ለወይራ የክረምቱ መግቢያ ሰኔ ጥሩ ነው፣ በረዶና ዶፍ እንዳይመታው በረንዳ ሥር አድርጉት።

ትሪው ቀዳዳ ላይ መረብ፣ ከቀዳዳዎቹ የሚወጡ ማሰሪያ ሽቦዎች፣ ከላይ ስስ አፈር። ችግኙን አውጥታችሁ ሥሩን በቾፕስቲክ ከግንዱ ወደ ውጭ እያበጠራችሁ አፍታቱት፣ ወደ ታች የሚሄደውን ወፍራም ሥር ቁረጡ፣ ወደ ጎን የሚሄዱትን ቀጫጭኖቹን አትርፉ፣ ጠፍጣፋ ቂጣ የመሰለ ሥር ነው የሚፈለገው። እየሠራችሁ ሌሎቹ ሥራቸው እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈኑ፣ ነፋስ ባለበት ቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል ለማድረቅ።

ትልቁን ዛፍ መጀመሪያ አቁሙ። መሃል አይደለም፤ ከትሪው አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት። ሁለተኛው ወፍራም ዛፍ እሱን ተጠግቶ። ከዚያ ቀጫጭኖቹ ወደ ዳርና ወደ ኋላ፣ ኋላ ያሉት ትናንሾች ሲሆኑ ዐይን ርቀት ያለ ይመስለዋል። በሁለት ግንድ መሃል ያለው ክፍተት ሁለት ጊዜ እኩል አይሁን፣ ከፊት ለፊት ስታዩ ሦስት ግንድ በአንድ መስመር አይሰለፍ፣ አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ አይከልል። ጀማሪ የሚሠራው ደን አብዛኛውን ጊዜ የባህር ዛፍ ማሳ ነው የሚመስለው፣ እኩል ቁመት፣ እኩል ርቀት፣ በተርታ። ትሪውን ዐይናችሁ ትይዩ አድርጋችሁ እያያችሁ ነው መሥራት፣ ከላይ ወደ ታች እያያችሁ ከሆነ ተርታው አይታያችሁም።

እንዴት እንደሚቆም ለማወቅ እውነተኛ ጫካ ማየት ነው። አዲስ አበባ አጠገብ መናገሻ ሱባ ሂዱ፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት የጽድ ደን። ውስጥ ያሉት ዛፎች ከታች ራቁታቸውን ናቸው፣ ቅርንጫፍ ያላቸው ብርሃኑ ካለበት ከላይ ብቻ። ዳር ያሉት ደግሞ ወደ ውጭ በኩል እስከ ታች ቅርንጫፍ አላቸው፣ ወደ ውስጥ በኩል ምንም። ትሪያችሁ ላይም እንደዚያ አድርጉት፣ ወደ ውስጥ የሚያዩትን የታች ቅርንጫፎች ቁረጡ፣ ዳር ያሉትን ግንዶች ትንሽ ወደ ውጭ አዘንብሏቸው።

ሁሉም ከቆመ በኋላ በሽቦው እሰሩት። የሚወዛወዝ ዛፍ አዲስ ሥሩን እየበጠሰ ነው የሚኖረው። ቀጭን የሆኑትን ከትልቁ ሥር ጋ ማሰር ይቻላል። ከዚያ አፈሩን አልብሱና በቾፕስቲክ እየወጋችሁ በሥሮቹ መሃል አስገቡት፣ ከታች የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ አጠጡ። ከእርጥብ ግድግዳ ሥር የምታገኙት አረንጓዴ ሞስ ከላይ ሲለብስ አፈሩን ይይዛል፣ ግንድ ላይ ግን አይውጣ።

ከዚያ በኋላ

ሁለት ሦስት ሳምንት ጥላና ነፋስ የሌለበት ቦታ፣ ቅጠሉ ላይ ውሃ መርጨት፣ ማዳበሪያ እስከ ወር ተኩል የለም። ማጠጣት በካላንደር አይደለም፣ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፣ የላይኛው ደረቅ ከሆነ አጠጡ፤ ዲሲ ላይ ሐምሌ ውስጥ በቀን ሁለቴ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ ላይ ሐምሌ ውስጥ ሥራችሁ ትሪውን በአንድ ጎን ከፍ አድርጎ ዝናቡን ማስወጣት ነው። ፖርቹላካሪያ የተከላችሁ ከላይ ያልኩትን የመትከያ ቀን ውሃ እርሱት፣ ለአንድ ሳምንት ጠብታ አትስጧት።

በሁለት በሦስት ዓመት አፈሩ ሲቀየር ዛፎቹን አትለያዩዋቸው፣ ሥራቸው ተያይዞ አንድ ምንጣፍ ሆኗል፣ እንዳለ አንሥታችሁ ዙሪያውንና ታቹን ቆርጣችሁ ትመልሱታላችሁ። አንዱ ዛፍ የሞተ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ልጣጩን በጥፍራችሁ ትንሽ ፋቁት፣ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ጠብቁት፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሄዷል። ያኔም ነቅላችሁ አታውጡት፣ የጎረቤቶቹን ሥር ይዞ ይወጣል። ከአፈሩ እኩል ቁረጡትና ተዉት፣ እስከሚቀጥለው የአፈር ለውጥ ድረስ ጉቶው እዚያው ይሁን፣ ቦታው ላይ የሚገባው በማሰሮ ካስቀመጣችኋቸው ሁለቱ አንዱ ነው።